ታፋው ሳይከተፍ

በፋሲካ ጠዋት፣ ገና 2 ሰዓት ሳይሞላ፣ የአዲስ አበባ ግቢዎች ሥራ በዝቶባቸዋል። በጉ ታርዶ፣ ቆዳው ተገፎ፣ ከዛፍ ቅርንጫፍ ወይም ከበሩ ላይ ካለው ብረት ተሰቅሏል። ጨጓራውና ጉበቱ ለዱለት ወደ ውስጥ ገብቷል። አራጁ ቢላውን በሞረድ ደጋግሞ እየሳለ ፍሪምባውን ያነሳል፣ ወርቹን ይገነጥላል፣ ጎድኑን ከአከርካሪው ይለያል። በመጨረሻ የኋላ እግር ላይ ይደርሳል። የዳሌውን መገጣጠሚያ በቢላው ጫፍ ዳስሶ ሲያላቅቀው ታፋው ከነቅልጥሙ በእጁ ላይ ይቀራል፤ ክብ፣ በስስ ነጭ ሽፋን የተጠቀለለ፣ ሙቀቱ ገና ያልለቀቀው። ከዚያ በኋላ የሚሆነው በአብዛኛው ቤት አንድ ነው። ሥጋው ከአጥንቱ ተለይቶ ይከተፋል፤ ግማሹ ወዲያው ለጥብስ ምድጃ ላይ ይወጣል፣ የቀረው ለወጥ ይቀመጣል፣ አጥንቱ ለቅቅል ይተርፋል። ጥብሱ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ይቀርባል። 55 ቀን የጾመ ሰው በደስታ ይበላዋል፤ ጥርሱ ግን ይታገላል።

ታፋው የተሻለ ነገር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ሳይከተፍ፣ ከነአጥንቱ፣ በተከደነ ድስት ውስጥ፣ በማግስቱ፣ አራት ሰዓት ያህል በዝግታ ቢበስል ለአገራችን በግም፣ ለደጋው አየርም፣ ለቅመማችንም ከሁሉ የሚስማማው አሠራር ይህ ነው። ሙሉ የበግ እግርን በዝግታ ማብሰል በብዙ አገር የታወቀ ነው። ፈረንሳዮች ሰባት ሰዓት የሚያበስሉትና በማንኪያ የሚቆረስ የበግ ታፋ አላቸው። ግሪኮች ታፋውን በወረቀት ጠቅልለው በታሸገ ምድጃ ያቆዩታል። የሐድረሞቱ መንዲ ደግሞ ዓረብ አገር ሠርተው ለተመለሱ እኅቶቻችን እንግዳ አይደለም፤ ቦሌ ያሉ የየመን ምግብ ቤቶችም በየቀኑ ያቀርቡታል። ወደ ራሳችን ጓዳ ስንመጣ ትዕግሥቱ ሞልቷል። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት ስታቁላላ ከምድጃው አጠገብ የማትነቃነቅ ባለሙያ ለዝግታ አዲስ አይደለችም። ያ ትዕግሥት እስካሁን ለበጉ ታፋ አልደረሰውም።

ከሁሉ በፊት ማግስቱን እንመልከት። እንስሳ ሲታረድ ጡንቻው ወዲያው አይሞትም። የደም ዝውውሩ ቢቆምም በውስጡ የቀረውን ጉልበት እየጨረሰ ይቆያል። ያ ጉልበት ሲያልቅ፣ በበግ ላይ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ የጡንቻው ክሮች እርስ በርስ ተጣብቀው ይገትራሉ። ሥጋው እንደገና የሚላላው የራሱ ኢንዛይሞች ክሮቹን መበጣጠስ ሲጀምሩ ነው፤ ለዚህም ቢያንስ አንድ ቀን ያስፈልጋል። የበዓል ጥብሳችን መጥበሻ ላይ የሚወጣው ሥጋው ሊገትር ሲል ወይም በመገተር ላይ ሳለ ነው። ጠንክሮ ሲገኝ በጉ ይወቀሳል፤ ጥፋቱ ግን የሰዓቱ ነው። ሥጋው ቶሎ ይቀዝቅዝ ብሎ ትኩሱን ፍሪጅ ውስጥ መክተትም አይበጅም። ሎከርና ሃግያርድ የተባሉ የኒውዚላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1963 እንዳሳዩት፣ ገና ያልገተረ ጡንቻ በፍጥነት ከቀዘቀዘ ክፉኛ ይኮማተራል፤ መኮማተሩ ዝቅተኛ የሚሆነው ከ14 እስከ 19 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። በግ በባሕርዩ ለዚህ ጣጣ የተጋለጠ ነው፤ ትንሽ ስለሆነና ስቡም ስስ ስለሆነ ብርዱ ቶሎ ወደ ውስጥ ይገባል። እንግዲህ ከ14 እስከ 19 ዲግሪ ማለት በደጋ ከተሞቻችን ጥላ ያለው፣ ነፋስ የሚያገኘው ቀዝቃዛ ክፍል ሙቀት ነው። ታፋው በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ዝንብ ሳይነካው፣ ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ተሰቅሎ ቢቆይና ማታ ፍሪጅ ቢገባ ቅዝቃዜው አይጎዳውም። በዓሉ ላይ ቤቱ አይራብም፤ ዶሮው አለ፣ ዱለቱ አለ፣ ጎድኑ አለ። ታፋውን ለማግስቱ ማሳደር የሚያጎድለው ነገር የለም።

ቀጥሎ ያለው ነገር የበጉ ዓይነት ነው። ከውጭ የሚመጣው የምግብ አሠራር የተጻፈው ለሌላ በግ ነው፤ ወራት ብቻ ኖሮ፣ መኖ በሙላት በልቶ ለታረደ፣ ታፋው ብቻውን ሁለት ኪሎ ተኩልና ከዚያ በላይ ለሚመዝን። የመንዝ በግ በብርዳማው ተራራ ላይ አጭር ሣር ፍለጋ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ፣ ቁመናው ትንሽ፣ ጅራቱ ላት የቋጠረ እንስሳ ነው። በቁሙ 25 ኪሎ የሚመዝን በግ ሥጋና አጥንቱ 10 ወይም 11 ኪሎ ይወጣዋል። ሁለቱ ታፋዎች ከዚያ ውስጥ ሲሶውን ስለሚይዙ አንዱ ታፋ አንድ ኪሎ ከሰባት መቶ ግራም ገደማ ይሆናል። የሆሮና የቦንጋ በግ ከዚህ ከፍ ይላል፤ ቢሆንም ነገሩ ያው ነው። ሥጋው ትንሽ፣ እግሩ ሠራተኛ፣ ዕድሜውም ብዙ ጊዜ ከዓመት ያለፈ ነው። ጡንቻን ከጡንቻና ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማትና ሽፋን በአብዛኛው ኮላጅን ከተባለ ፕሮቲን የተሠራ ነው። እንስሳው ሲያድግ የኮላጅኑ ክሮች እርስ በርስ የሚያያዙበት ትስስር ይጠነክራል። ፈጣን እሳት ይህን ትስስር አይፈታውም። ሙቀቱ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሲደርስ ኮላጅኑ ይሸበሸብና ሥጋውን እንደ እርጥብ ጨርቅ ጨምቆ ውኃውን ያስወጣዋል። ጥብስ መጥበሻው ላይ ውኃ የሚያወጣውና የሚጠነክረው ለዚህ ነው። ኮላጅኑ ወደ ጄላቲን መቀየር የሚጀምረው ከ70 ዲግሪ ወዲያ ነው፤ ያም ቢሆን ሰዓታት ይፈልጋል። ጄላቲኑ ክሮቹን ያላላል፣ መረቁን ያወፍራል፣ ውኃው ያለቀበትን ሥጋ አፍ ውስጥ ያረጥበዋል።

ይህ ሁሉ ከመታወቁ በፊት ነገሩን በአጋጣሚ ያገኘው ራምፎርድ የተባለ የሙቀት ተመራማሪ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ድንች ለማድረቅ በሠራው መሣሪያ የበግ ወርች ይበስል እንደሆነ ሞከረ። ለሦስት ሰዓት ቢጠብቅ ሥጋው አልበስል አለ፤ ተስፋ ቆርጦ ትቶት ሄደ። የወጥ ቤት ሠራተኞቹ ሥጋው እዚያው ይደር ብለው ተዉት። ጠዋት ሲከፈት በልዩ ጣዕም በስሎ ተገኘ፤ እሳቱ ግን ለማፍላት እንኳ የሚበቃ አልነበረም። የሙቀት መጠንና የጊዜ ርዝመት አንዱ ሌላውን እንደሚተካ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማሳያ አላውቅም። እኛም ደጋ ላይ ሳናስበው በዚሁ ሕግ ሥር ነው የምናበስለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ውኃ የሚፈላባት በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ 91 ገደማ፣ ድሬዳዋ ላይ ግን 96 ያህል ነው። መረቅ ያለበት ድስት የቱንም ያህል እሳት ቢነድበት ከዚያ አያልፍም፤ ትርፉ እሳት ውኃውን ማትነን ብቻ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ታፋው አልበስል ሲል እሳት መጨመር ከንቱ ነው፤ የሚጨመረው ሰዓት ነው። በባሕር ጠረፍ ከተማ ሦስት ሰዓት ተብሎ የተጻፈውን እዚህ አራት ሰዓት ብሎ ማንበብ ይሻላል። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ የምትኖር እኅት ደግሞ ከእናቷ በስልክ የሰማችውን ሰዓት እንዳለ ብትወስድ ሥጋው ሊፈርስባት ይችላል።

አሠራሩ የሚጀምረው በበዓሉ ዕለት ማታ ነው። ታፋው ላይ ያለው ቀጭን ሽፋን በቢላ ይገፈፋል፤ ወፍራሙ ጮማ ይቀነሳል፣ ምክንያቱም ብዙዎች የማይወዱት የበግ ጠረን የሚኖረው ስቡ ውስጥ ነው፤ ካልተኮላሸ አውራ በግ ሲሆን ይብሳል። ለአንድ ኪሎ ሥጋ 10 ወይም 12 ግራም ጨው ይበቃል። ለአንድ ታፋ ወደ 20 ግራም ማለት ነው፤ ያም በሻይ ማንኪያ ተለክቶ ሦስት ተኩል ያህል። ጨው ወደ ሥጋው መሃል ይዘልቃል፤ ለመዝለቅ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይፈልጋል። ቅመም እንደዚያ አይደለም። ሥጋ በቅመም ተዘፍዝፎ ባደረ ቁጥር ቅመሙ እስከ አጥንት ይገባል የሚለው እምነት ስህተት ነው፤ አብዛኛው መዓዛ ስብ ወዳድ ስለሆነ እርጥቡን ሥጋ ሰርጎ አይገባም፤ ከላይ ይቀራል። ስለዚህ ቅመሙን ወደ ውስጥ የምታስገባው ቢላዋ ናት። ሥጋው ላይ ሁለት ጣት ጥልቀት ያላቸው ቀዳዳዎች ይወጉና የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና የጥብስ ቅጠል በየቀዳዳው ይጠቀጠቃል። አጥንቱ አጠገብ ያለው ወፍራም ክፍል አይረሳ፤ ቀዳዳ በብዛት የሚፈልገው እሱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ቁሌቱ ይጀመራል። አንድ ኪሎ ያህል ቀይ ሽንኩርት ደቅቆ ተከትፎ ያለ ዘይት በዝቅተኛ እሳት ይቁላላል፤ ውኃው ጠፍቶ መጠቆር ሲጀምር ትንሽ ዘይትና ሦስት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ይገባል። በርበሬው የሚገባው ቁሌቱ ውስጥ ነው፤ ሥጋው ላይ ተቀብቶ እሳት ቢመታው ስኳሩ አርሮ ይመራል። ቀለሙም ሆነ የሚያቃጥለው ነገር ስብ ውስጥ ስለሚሟሙ ቅባት ያገኘ በርበሬ ድስቱን በሙሉ ያዳርሳል። ጎን ለጎን ታፋው በሌላ መጥበሻ፣ ተቆርጦ በቀለጠ ላት፣ ዙሪያውን ቡናማ እስኪሆን ይገላበጣል። ይህ የሚደረገው ለጣዕሙ ነው። ሥጋን መጀመሪያ በኃይለኛ እሳት መጥበስ ጭማቂውን ይቆልፈዋል የሚለው አባባል የጀርመኑ ኬሚስት ሊቢግ እ.ኤ.አ. በ1847 ያስፋፋው ነው፤ የምግብ ሳይንስ ጸሐፊው ሃሮልድ ማክጊ እ.ኤ.አ. በ1984 መጽሐፉ ውድቅ ቢያደርገውም እስከ ዛሬ ይነገራል። ውጩ የተጠበሰ ሥጋ ከሌላው ያላነሰ ውኃ ይለቃል፤ የሚያተርፈው ከ140 ዲግሪ በላይ የሚፈጠረውን መዓዛ ነው። ያ መዓዛ ኋላ በእንፋሎት ውስጥ ሊገኝ ስለማይችል አስቀድሞ መያዝ አለበት።

ከዚያ ታፋው ቁሌቱ ላይ ይተኛል፣ ግማሽ ብርጭቆ ጠጅ ወይም ውኃ ይጨመራል፣ በስሱ የተቆረጠ ላት ሥጋው ላይ ይደረደራል፣ ድስቱ ይከደናል። የክዳኑ ዙሪያ በዱቄት ሊጥ ቢለሰን እንፋሎቱ አይወጣም፤ ድስቱም አይደርቅም። ኦቨን ካለ 150 ዲግሪ ይበቃል፤ ከሌለ የከሰል ምድጃ ላይ ዝቅ ያለ ፍም ያገለግላል። የሊጡ ማኅተም የሚፈርሰው ከአራት ሰዓት በኋላ ነው። መብሰሉን ሰዓት ብቻ አይነግርም። ቅልጥሙ ጫፍ ላይ ያለው ሥጋ ሽቅብ ሸሽቶ አጥንቱ ሁለት ጣት ያህል መታየት አለበት፤ አጥንቱ በጨርቅ ተይዞ ሲወዛወዝ መገጣጠሚያው ከውስጥ መላላቱን እጅ ያውቀዋል። ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ቅርንፉዱ፣ በጥቅሉ መከለሻው የሚገባው አሁን ነው፤ ከንጥር ቅቤው ጋር። ባለሙያዎቻችን መከለሻን ወደ መጨረሻው የሚያቆዩት በትክክለኛ ምክንያት ነው። የኮረሪማ ዋና መዓዛ የሆነው ሲኒዮል በቀላሉ የሚተን ነገር ነው፤ አራት ሰዓት ቢፈላ ለጎረቤት እንጂ ለድስቱ አይተርፍም። ሥጋው መረቁ ውስጥ እንዳለ፣ ክዳኑ ገርበብ ብሎ፣ ሩብ ሰዓት ይረፍ።

ይህን አሠራር የሚቃወም ሰው ሁለት ሦስት ጠንካራ ነገር ይዞ ይመጣል። የመጀመሪያው የማገዶው ወጪ ነው። ከሰል ተወዷል፣ መብራትም ይጠፋል፣ አራት ሰዓት ለአንድ ታፋ ማንደድ ብክነት ይመስላል። ነገር ግን ወጪው ያለው በማፍላት ላይ ነው። ድስት ከፈላ በኋላ ሙቀቱን ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ነዳጅ ጥቂት ነው፤ በተለይ ክዳኑ ከተለሰነ፣ ምድጃውም እንደ ላቀች ሙቀት የማያባክን ከሆነ። ከዚህም አልፎ፣ ድስቱ አንድ ሰዓት በደንብ ከፈላ በኋላ በወፍራም ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥ ለሰዓታት ያለ እሳት ይበስላል። አንድ ጥንቃቄ ግን የግድ ነው፤ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ በታች ከወረደ ባክቴሪያ ይራባል፤ ስለዚህ ሦስት ሰዓት ሳያልፍ አውጥቶ እንደገና ማፍላት ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ የተጀመረው ድስት የሚድንበት መንገድም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ግፊት ማብሰያ ድስት እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ ክብደት አለው። በግፊት የሚዘጋው ድስት የደጋውን ዝቅተኛ መፍያ ያካክሳል፤ ለአጥንት ቅቅል እኔም የምመርጠው እሱን ነው። ለሙሉ ታፋ ግን ሁለት ጉድለት አለበት። ሙቀቱ ከመቶ በላይ ስለሚወጣ የሥጋው ውጪ ውስጡ ሳይላላ ተጨምቆ ያልቃል። ታፋው ከነቅልጥሙ የሚገባበት እንዲህ ያለ ድስት ያለው ቤትም ብዙ አይደለም።

ሦስተኛውን የሚያነሡት ሥጋ የሚያውቁ ናቸው። ለዝግታ የተፈጠረው ወርች ነው፣ ታፋ ስብ ስለሌለው ይደርቃል ይላሉ። ለውጭው ወጣት በግ እውነት ነው፤ ለእሱ ታፋ ኦቨን ውስጥ ቶሎ ጠብሶ ውስጡን ቀላ አድርጎ ማውጣት ያዋጣል። የእኛ በግ ግን ያንን አይፈቅድም። በክትፎና በቁርጥ ያልበሰለ ቀይ ሥጋ የለመደ ሰው እንኳ ዓመት ያለፈውን የበግ ታፋ ግማሽ በስል አድርጎ ሲያኝከው ጅማቱ ይመሰክርበታል። ድርቀቱን የሚመልሰው ላቱ ነው። ይህ ስብ ከእንስሳው ራሱ የተገኘ፣ በአብዛኛው ቤት ለሌላ ጥቅም የማይውል፣ በቀስታ እየቀለጠ ሥጋውን የሚያርስ ነው። ወርቹ ከታፋው ይልቅ መሳሳቱን ለሚቀበል በዚሁ መንገድ ይሠራ፤ ሦስት ሰዓት ይበቃዋል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የእንግዳው ነገር ነው። ወጥ ይበረክታል፤ ሙሉ ታፋ አይበረክትም። ከአንድ ኪሎ ከሰባት መቶ ላይ አጥንቱ ሲቀነስ፣ ከቀረውም በሚበስልበት ጊዜ ሲሶው ሲያልቅ፣ ማዕድ ላይ የሚደርሰው ንጹሕ ሥጋ ከዘጠኝ መቶ ግራም አይበልጥም። ለስድስት ሰው ይሆናል፤ አሥራ አምስት ሰው ለሚገባበት የበዓል ቤት አይሆንም። ይህን መካድ አይቻልም፤ ማግስቱን የመረጥኩትም በከፊል ለዚህ ነው። በዓሉ የብዙ ሰው ነው፤ ማግስቱ የቤተሰብ። ያም ሆኖ የሚያበረክተው ቁሌቱ ነው። ጄላቲኑን፣ የላቱን ቅባትና የጠጁን ጣፋጭነት የያዘው ቁሌት እንጀራ ላይ ሲፈስ ሥጋው በጥቂቱ ቢፈነጠቅበትም ያጠግባል፤ ሥጋው በጣት ስለሚለያይ ቢላ አይፈልግም፣ ለጉርሻም ከጥብስ ይልቅ ይመቻል። ጥርስ ለሌላቸው አያቶች ደግሞ ከበዓል በግ የሚደርሳቸው ብዙ ጊዜ መረቁ ብቻ ነበር፤ በዚህ አሠራር ሥጋውንም ይበላሉ። የተረፈው ቁሌት ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር ይረጋል፤ ጠዋት ተሙቆ ለፍርፍር ይሆናል።

የቀረው ከአራጁ ጋር የሚደረገው ስምምነት ነው፤ እሱም ቢላው ከመነሳቱ በፊት መደረግ አለበት። ታፋውን ከዳሌው መገጣጠሚያ ብቻ አላቅቀው፣ አጥንቱን በመጥረቢያ አትምታው ማለት ነው፤ በመጥረቢያ የተሰበረ አጥንት ስንጥር መረቁ ውስጥ ይጥላል። ድስቱ ጠባብ ከሆነ ጉልበቱ ላይ ያለው ጅማት በቢላ ይበጠስና ቅልጥሙ ወደ ታፋው ይታጠፋል፤ ሳይቆረጥ ይገባል። ከታፋው ጀርባ፣ ከጉልበቱ ከፍ ብሎ በስቡ መሃል የተደበቀች ጠንካራ ግራጫ እጢ አለች፤ እሷን ያውጣት። ላቱንም ከቆዳው ጋር አይስጠው።